ፍልሰታን በዮግያካርታ

ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ኢንዶኔዥያ እንደምሄድ የሰማ አንድ ወዳጄ በስልኬ የምግብ ዝርዝር ላከልኝ። ሬንዳንግ፣ ሳቴ፣ ሶቶ፣ ባክሶ እያለ ዘጠኝ ነገር ጽፎ ዘጠኙም ሥጋ ነበረባቸው። ከሥሩም «አንዱን እንኳ ሳትቀምስ ብትመለስ እንዳትደውልልኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ አክሎበታል። ዝርዝሩን በእርጋታ ያነበብኩት ሐምሌ 30 ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሲነጋ ነሐሴ 1 ነበር፤ ፍልሰታ ገብታለች። ወዳጄ ፕሮቴስታንት ስለሆነ አልፈረድኩበትም፤ እኔ ግን ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ሽሬ ስለማላውቅ ስልኩን አጥፍቼ ለመተኛት ሞከርኩ።

በጃቫ ደሴት ላይ ወዳለችው ዮግያካርታ ከተማ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ የቅርንፉድ ሽታ ነው። ለጥቂት ደቂቃ አንድ ቦታ ሻይ እየፈላ መስሎኝ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሽታው ግን የሚመጣው ከታክሲ ሾፌሮቹ ሲጋራ ነበር። ክሬቴክ ይሉታል፤ ትንባሆና የተከተፈ ቅርንፉድ ተቀላቅሎ የሚጠቀለልበት ሲጋራ ነው። በአንድ ወቅት በሰሜን ማሉኩ ባሉ እንደ ተርናቴና ቲዶሬ ባሉ ጥቂት ደሴቶች ብቻ ይበቅል የነበረው፣ ፖርቱጋሎችና ሆላንዶች ውቅያኖስ አቋርጠው የተጋደሉለት ቅርንፉድ፣ ዛሬ በአገሩ በአብዛኛው የሚያልቀው በጭስ መልክ ነው። ወደ ጃቫ ጓዳ ሲገቡ ደግሞ የሚያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ እርድ፣ ጠጅ ሣር፣ ላንኩዋስ የሚሉት የዝንጅብል ዘመድ፣ ከሚሪ የሚባል ቅባታማ ፍሬ። ይህ ሁሉ በአንድነት ተፈጭቶ የወጡ መሠረት ሲሆን «ቡምቡ» ይባላል። እኛ ቁሌት ሳይበስል ወጥ እንደማንለው፣ እነሱም ቡምቡው በዘይት ተቁላልቶ ጥሬ ሽታው ሳይጠፋ ሌላ ነገር አይጨምሩበትም።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ናቸው። ሁሉም «ኢቡ» ይላቸዋል፤ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ እናት ማለት ሲሆን፣ እኛ እማማ ወይም እትዬ በምንልበት ቦታ ሁሉ ይገባል። እሳቸው ደግሞ እኔን «ማስ» ይሉኛል፤ በጃቫኛ ወንድሜ እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት እንቁላል የተደረገበት የተጠበሰ ሩዝ ሲያቀርቡልኝ፣ እንግሊዝኛ የምትናገረው ልጃቸው እየተረጎመች፣ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማልበላ፣ ጠዋትም እህል እንደማልቀምስ አስረዳሁ። ኢቡ ምንም አልደነቃቸውም። «ፑዋሳ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ጾም ማለታቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው ከረመዳን ሌላ ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ። ወላጅ አባታቸውም ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው «ሙቲህ» ይጾሙ እንደነበር ነገሩኝ፤ ይህ ከነጭ ሩዝና ከውኃ በቀር ምንም የማይቀመስበት የቆየ የጃቫ ጾም ነው። ሳህኑን አነሡና «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና፤ ቴምፔ አለ» አሉኝ።

ቴምፔ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወዳጄ ከላከልኝ ዝርዝር ውስጥም የለም። ያም ቢሆን ጃቫን የሚመግበው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከሩዝ ቀጥሎ ከድሃውም ከሀብታሙም ማዕድ የማይጠፋው እሱ ነው። የሚሠራው ከአኩሪ አተር ሲሆን፣ ቻይናውያን ካመጡት፣ ከአኩሪ አተር ወተት ከሚረጋው ቶፉ በተለየ ቴምፔ የጃቫ የራሱ ፈጠራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጃቫ የተጻፈ ረጅም የግጥም ድርሳን ስሙን ይጠቅሰዋል፤ ሲበላ የኖረበት ዘመን ግን ከዚያ እንደሚቀድም ግልጽ ነው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ የውርደት ምልክት ነበር፤ ደካማ፣ ቶሎ የሚፈርስ ሰው ዛሬም «የቴምፔ መንፈስ ያለው» ተብሎ ይሰደባል። ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች ደሴቶቹን በያዙበት ጊዜ በእስረኞች ካምፕ የነበሩ ብዙ ሰዎች ሆዳቸው ሌላ ምግብ አልቀበልም ሲል በቴምፔ ነፍሳቸውን አቆይተዋል፤ ስድቡ ግን ከዚያም በኋላ አልጠፋም።

ከኢቡ ዘመዶች አንዷ ቴምፔ እየሠሩ በበሪንግሃርጆ ገበያ የሚያስረክቡ ስለሆኑ፣ በአንድ የዕረፍት ቀን ግቢያቸው ወሰዱኝ። አኩሪ አተሩ ይቀቀላል፤ ከዚያ ልጣጩ እንዲለቅ በእግር ይረገጣል (አሁን ብዙዎች በማሽን ያደርጉታል፤ እኚህ ሴት ግን ዛሬም በእግራቸው ነው)፤ ከዚያ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ በጥቂቱ ይኮመጥጣል፤ እንደገና ይቀቀላል፤ ተጠንፍፎ በሰፊ የቀርከሃ ሰፌድ ላይ ይሰጣል። እጅ የሚያስችል ያህል ሲቀዘቅዝ «ራጊ» የሚሉት የሻጋታ እርሾ ይነሰነስበታል። ድሮ ራጊ በላስቲክ ታሽጎ አይሸጥም ነበር፤ ካለፈው ቴምፔ ላይ ያረፈ የዋሩ ዛፍ ቅጠል ይቀመጥና ሻጋታው ከቅጠሉ ወደ አዲሱ እህል ይጋባል። ይህን ሲነግሩኝ እናቴ ከሊጡ ላይ ቀንሳ ለሚቀጥለው ቡሖ የምታስቀምጣት እርሾ ትዝ አለችኝ፤ አንድ ዓይነት ብልሃት በሁለት አገር።

ቀጥሎ ያየሁት ነገር ግን በእውነት ቆሜ እንድቀር አደረገኝ። ሴትዮዋ የሙዝ ቅጠል አነሡ፤ ከከሰል ምድጃው በላይ አንድ ጊዜ አለፍ አድርገው አለሰለሱት፤ አንድ እፍኝ አኩሪ አተር መሐሉ ላይ አደረጉ፤ ጎኖቹን አጥፈው በቀጭን የቀርከሃ ልጥ አሰሩት። የእኛን ኮባ ነው ያየሁት። ለበዓል ድፎ ዳቦ ስትደፋ አያቴ ኮባውን እሳት ላይ የምታሳልፍበት እጅና የእኚህ ሴት እጅ አንድ ነበር። ቅጠሉ ዝም ብሎ መጠቅለያ አይደለም፤ ሻጋታው እንዲተነፍስ ጥቂት አየር ያስገባል፤ እርጥበቱንም ይጠብቃል። በአሁኑ ጊዜ ብዙው ቴምፔ የሚታሸገው በተበሳ ላስቲክ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቀምሼ ነበርና በቅጠል የተሠራው የተሻለ መሆኑን ያለምንም ማመንታት እመሰክራለሁ። ሁለተኛ ቀኑ ላይ የደረሰውን ጥቅል አንሥተው በእጄ አስያዙኝ። ሞቅ ይል ነበር፤ የቀኑ ሙቀት መሰለኝ እንጂ ሻጋታው ሲያድግ ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ነው። ሲፈታ ፍሬዎቹ አይታዩም፤ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነገር ሁሉንም አስተሳስሮ እንደ አንድ ቁራጭ አድርጓቸዋል። ሽታው የእንጉዳይና የአዲስ ዳቦ ሽታ ነው።

አንድ የሚያሳዝን ነገርም እዚያው ሰማሁ። ይህ ሁሉ የጃቫ ጥበብ የሚያርፍበት አኩሪ አተር በአብዛኛው ከአሜሪካ በመርከብ የሚመጣ ነው። ዋጋው ሲንር በ2008 እና በ2012 እ.ኤ.አ. የቴምፔና የቶፉ ሠሪዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ ሴትዮዋም የ2012ቱን በደንብ ያስታውሱታል። ዋጋ በጨመረ ቁጥር እሳቸው ዋጋ አይጨምሩም፤ ቁራጩን ያሳንሱታል። የእንጀራችን ስፋት እየጠበበ የመጣው በተመሳሳይ ምክንያት ስለሆነ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ኢቡ ቴምፔውን ቀጠን አድርገው ይቆርጡና በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላልና በጨው ውኃ ነክረው በዘይት ይጠብሱታል። ከሩዝ ጋር ከ«ሳምባል» ጋር ይቀርባል። ሳምባልን ለአበሻ ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃል፤ ዳጣ ነው። ቃሪያው፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ጎድጎድ ባለ ሰፊ የድንጋይ ሳህን ላይ ይፈጫል፤ ድንጋዩ በአብዛኛው የሜራፒ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። በሙቀጫና ዘነዘና እንደመውቀጥ አይደለም፤ አጭርና ጎበጥ ያለው የድንጋይ እጀታ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ያደቅቃል፤ የእጁ እንቅስቃሴ በወፍጮ ላይ የሚገፋውን መጅ ያስታውሳል። ቃሪያ እንደ እኛው አገር ሁሉ እዚያም ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ከእሱ በፊት ጃቫን ያቃጥል የነበረው ሌላ ቅመም ሲሆን፣ ኢቡ ከመደርደሪያቸው አውርደው ሲያሳዩኝ «ይህማ ጥምዝ ነው!» አልኩ። በትክክል ያው ተክል አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። ስሙ «ቻቤ ጃዋ» ማለትም የጃቫ ቃሪያ ይባላል፤ «ቻቤ» የሚለው ስም ቀድሞ የዚህ ቅመም ነበር፤ በኋላ መጤው ቃሪያ ወሰደበት። ዛሬ ጥምዙ የሚገኘው ጃሙ በሚባለው የመድኃኒት መጠጥ ውስጥ ነው።

በዚህ ሳምባል ምክንያት አንድ ኃጢአት ሠርቻለሁ። አራት ቀን ሙሉ ቴምፔውን በሳምባል እያጠቀስኩ በደስታ ከበላሁ በኋላ፣ በአምስተኛው ቀን ኢቡ ምድጃው ላይ ጥቁር ቡናማ ነገር ሲጠብሱ ደረስኩ። ቤቱን የሞላው ሽታ ኃይለኛ ነበር። «ትራሲ» ነው አሉኝ፤ ከደቃቅ ሽሪምፕ የተብላላ፣ የደረቀና የተጠፈጠፈ ቅመም። በየቀኑ ሳምባሉ ውስጥ ነበር። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ሽሪምፕ ግን ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው በፍስክም ቢሆን በእኛ ሥርዓት የማይበላ ነው። ኢቡ ከእኔ በላይ ደነገጡ። የአትክልት ምግብ ስል ለካ የገባቸው ሥጋ የሌለበት ማለት ብቻ ነበር፤ ትራሲን ደግሞ ማንም ጃቫዊ እንደ ምግብ አይቆጥረውም፤ እንደ ጨው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ብቻ ትኩስ ዘይት ፈስሶበት የሚሠራውን «ሳምባል ባዋንግ» አዘጋጁልኝ፤ እኔም «ታንፓ ትራሲ» ማለትን ተማርኩ፤ ያለ ትራሲ ማለት ነው። በጾም ወቅት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ ሊይዘው የሚገባ ሐረግ ይህ ይመስለኛል። ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ሳቁብኝ፤ ከዚያም ስግደት አዘዙኝ።

የከተማዋ መለያ የሆነው ምግብ ጉደግ ነው። ጃክፍሩት የሚባል ትልቅ ፍሬ ገና ሳይበስል በኮኮናት ወተትና በዘንባባ ስኳር ለረጅም ሰዓታት በቀስታ ይቀቀላል፤ ድስቱ ውስጥ የሚገባው የቲክ ዛፍ ቅጠል ደግሞ ቀይ ቡናማ መልክ ይሰጠዋል። በዊጂላን መንገድ ዳርና ዳር የተደረደሩት ቤቶች ሁሉ ጉደግ ሻጮች ናቸው። እነሱ ከዶሮና ከእንቁላል ጋር ስለሚያበስሉት፣ ኢቡ ለብቻዬ በትንሽ ድስት ሠሩልኝ። ሲታይ ምንቸት ውስጥ ያደረ ወጥ ይመስላል፤ ሥጋው ተፈትሏል ብዬ እስክምል ድረስ። አፌ ውስጥ ሲገባ ጣፋጭ ነው። እውነቱን ለመናገር ስኳር ያለበት ወጥ ለእኔ ከባድ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለመድኩት እንጂ አልወደድኩትም። የዮግያካርታ ሰዎች ጣፋጭ የሚወዱት ሆላንዶች ከ1830 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬውን ከመሬቱ አንድ አምስተኛ ላይ ለውጭ ገበያ ሸንኮራ አገዳ፣ ቡናና ሌሎች ሰብሎችን እንዲተክል ስላስገደዱት ነው የሚል ማብራሪያ በሥልጠናው ላይ ከሁለት ሰው ሰምቻለሁ። ያ ዘመን ብዙ ረሃብና መከራ ያመጣ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጉደግ ውስጥ የሚገባው የሸንኮራ ስኳር አይደለም፤ ከዘንባባ አበባ የሚቀዳ ፈሳሽ ነጥሮ የሚረጋ ቡናማ ስኳር ነው። ስለዚህ ማብራሪያው ከሚያምር ታሪክ አልፎ የሚሄድ አይመስለኝም።

ምሽት ላይ ወደ አንግክሪንጋን እሄድ ነበር። ላስቲክ የተወጠረበት የእንጨት ጋሪ፣ አንድ ፋኖስ ወይም አምፖል፣ በከሰል ላይ የተጣዱ ማንቆርቆሪያዎች፣ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ወይም ምንጣፍ፤ ተማሪው፣ የሞተር ሾፌሩና የቢሮ ሠራተኛው ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩለ ሌሊት ድረስ ያወራሉ። እዚያ የሚሸጠው ሩዝ «የድመት ሩዝ» ይባላል፤ በቅጠልና በወረቀት የተጠቀለለ፣ ለድመት የሚሰጥ ያህል ትንሽ ስለሆነ ነው። ሁለት ጥቅልና አንድ የተጠበሰ ቴምፔ እራት ይሆናል። በቱጉ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ደግሞ ቡና ሲቀርብ ሻጩ ከምድጃው የጋለ ፍም ከሰል በመቆንጠጫ አንሥቶ ብርጭቆው ውስጥ ይጥለዋል፤ «ጆስ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ስሙም ኮፒ ጆስ ነው። ቡና ወደ ጃቫ የደረሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሆላንዶች አማካይነት ሲሆን፣ መነሻው የት እንደሆነ ለአጠገቤ ለተቀመጠው ተማሪ ስነግረው አላመነኝም። ዱቄቱ ሳይጣራ ፈልቶ ሲቀርብና አተላው እስኪዘቅጥ በትዕግሥት ስጠብቅ ግን፣ ከሌሎቹ የውጭ አገር ሠልጣኞች ይልቅ እኔ የቤት ልጅ እንደምመስል አስተዋለ።

ነሐሴ 10 ምሽት፣ ማለትም እንደ እነሱ አቆጣጠር ኦገስት 16፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በጠባቡ መንገድ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተቀመጠ። በማግሥቱ ሱካርኖና ሃታ በ1945 እ.ኤ.አ. ነፃነትን ያወጁበት ቀን ይከበራል፤ ዋዜማውን በጸሎትና በማዕድ ማሳለፍ የጃቫ ልማድ ነው። መሐል ላይ በእርድና በኮኮናት ወተት የበሰለ ቢጫ ሩዝ እንደ ተራራ ሾጥጦ ቆሟል፤ ቱምፐንግ ይባላል፤ የአገሪቱ ቱሪዝም ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. ከምግቦቹ ሁሉ መርጦ የአገር ምልክት ያደረገው እሱን ነው። የሰፈሩ ሰብሳቢ ጸሎት ካደረጉ በኋላ ጫፉን ቆርጠው በዕድሜ ትልቁ ለሆኑት ሽማግሌ ሰጡ። ድፎ ሲቆረስ ያየ ሰው ሥርዓቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ዶሮውና እንቁላሉ ሲያልፉኝ ኢቡ ከሩቅ አይተው፣ ከለውዝ ጋር ደርቆ የተጠበሰ ጣፋጭ ቴምፔ በቅጠል ሞልተው በእጅ በእጅ እየተቀባበለ እኔ ዘንድ እንዲደርስ አደረጉ። መንገዱ ሙሉ ሰው ያንን ቅጠል እያሳለፈ «ፑዋሳ፣ ፑዋሳ» ይባባል ነበር።

ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ወደ አንድ የፓዳንግ ምግብ ቤት ሄድኩ፤ ሬንዳንግ ከዝርዝሩ አንደኛ ነበርና። የፓዳንግ ቤቶች የምዕራብ ሱማትራ ሕዝብ የሆኑት የሚናንግካባው ናቸው። በዚያ ሕዝብ ቤትና መሬት ከእናት ለሴት ልጅ ይተላለፋል፤ ወንዱ ደግሞ ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ ሰው ሆኖ መመለስ ይጠበቅበታል፤ በየከተማው የእነሱ ምግብ ቤት የማይጠፋውም ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው። ሬንዳንግ የእነዚህ መንገደኞች ስንቅ ነው። ሥጋው በኮኮናት ወተትና በቡምቡ ሲቀቀል በመጀመሪያ መረቅ ያለው ጉላይ ይሆናል፤ ሲወፍር ካሊዮ፤ ከአራት ሰዓት በላይ ሲቆይ ውኃው ሁሉ ተንኖ ከኮኮናቱ በወጣው ዘይት ሥጋው ራሱን ይጠብሳል፤ ያኔ ነው ሬንዳንግ የሚባለው። እንዲህ የደረቀ ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ይቆያል።

እጄን ታጥቤ እንደተቀመጥኩ ሳላዝ አስተናጋጁ አሥራ ሁለት ሳህን በአንድ ክንዱ ደርቦ መጣና ጠረጴዛዬን ሞላው። ፈገግ ብሎም ሄደ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ በጣም ነካኝ። የቀረበልንን መግፋት ነውር ተብለን ያደግን ስለሆንን፣ ከሁሉም በቀኝ እጄ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ቀመስኩ፤ ከአንጎሉ ወጥ እንኳ ሳይቀር። ሥርዓቱ ግን የነኩትን መክፈል፣ ያልነኩትን መመለስ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ የአሥራ ሁለት ሳህን ነበር። አስተናጋጁ ብቻውን አሥራ ሁለት ሳህን የበላውን ሰው ለጓደኞቹ በአድናቆት ሲያሳይ፣ ለማስረዳት ሞራሉም ቋንቋውም አልነበረኝም። ሬንዳንጉ በጣም ጥሩ ነበር። ቢሆንም ከዚያ ወጥቼ ስሄድ ያሰብኩት፣ ወዳጄ የላከልኝን ዝርዝር ይዤ ጾም ባልሆነ ወር መጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ሦስቱን ሳምንት እንዲህ ካሉ ጠረጴዛዎች ወደ ሌሎች ጠረጴዛዎች ስዘዋወር አሳልፌ የማንንም ጓዳ ሳላይ እመለስ እንደነበር ነው።

ኢቡ ሲሸኙኝ አንድ ከረጢት ራጊ ሰጡኝ። ጳጉሜን ላይ፣ የአዲስ ዓመት ኮባ በየገበያው ሲሸጥ፣ ከእህል ተራ አኩሪ አተር ገዝቼ ቀቀልኩ፤ በእግሬም ረገጥኩት። የአዲስ አበባ ብርድ ግን ለዮግያካርታ ሻጋታ አይስማማውም፤ በሁለተኛው ቀን ጥቅሉ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ጥቅሎቹን በጋቢ ጠቅልዬ ገና ባልቀዘቀዘው ምጣድ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነበር፣ ከሥራ ስመለስ ኮባው ተፈትቶ፣ ነጩ ቴምፔ ከቆሻሻው ቅርጫት አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ይሄማ ሻግቷል፤ ልጥለው ስል ደረስክ» አለችኝ።

አንሥቼ በቀጭኑ ቆረጥኩት፤ በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል ውኃ ነክሬ ጠበስኩት። እናቴ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። አንድ ቁራጭ አንሥታ አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችው፤ ቀስ ብላ አኘከች። ምንም አላለችም። ከዚያ ዳጣውን ወደ ራሷ ሳበችና ተቀመጠች።